ጳጉሜን የማያውቅ ቀጠሮ ያዥ

«ከታች ያለውን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጠው፤ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ወደ እኛ ለውጠው።» ይህን ምክር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ያለ አይመስለኝም። ጎንደር ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከቀደሙት ይሰማዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲስተም የሚሠራ ድርጅትም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ምክሩ ለብዙ ነገር ደኅና ነው። ለደረሰኝ፣ ለመልእክት፣ ለባንክ ዝውውር ይሠራል። ሥራን ለሚያስተዳድር ላይብረሪ ግን ከመሠረቱ ስህተት ነው፤ ስህተቱም በየቢሮው ተተክሎ እየሠራ ነው።

ላይብረሪ የምለው ሌሎች ፕሮግራመሮች በራሳቸው ሥራ ውስጥ የሚያስገቡትን፣ ተዘጋጅቶ የቆየ ኮድ ነው። ሥራ አስተዳዳሪው ላይብረሪ ሥራዎችን ወረፋ ያስይዛል፤ ሰዓታቸው ሲደርስ ይቀሰቅሳቸዋል፤ አንዱ ሳይሳካ ሲቀር እንደገና ይሞክራል፤ የሚደጋገመውን ሥራ ቀጣይ ቀን ራሱ አስልቶ ያወጣል። የዘሩ አያት ክሮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር መጥቶ ዛሬም በዓለም ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። በፓይተን የሚጽፉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 አስክ ሶሌም የጀመረውን ሴለሪን ያውቁታል። ክሮን አንድን ሥራ በአምስት ቁጥር ይይዘዋል፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 12 ነው። ሴለሪም ይህንኑ ወርሷል፤ 13 ብትሰጠው አልቀበልም ይልሃል። ጳጉሜን የምትገባበት ቀዳዳ የለም።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ሳላጣምም ላስቀምጥ፤ ደካማ ክርክር አይደለምና። ቅጽበት አንድ ነው ይላሉ። ጎንደር ላይ ሕፃን የተወለደችበት ቅጽበት ለንደንም ቶኪዮም ያው ነው፤ እኛ ጥር ብንለው እነሱ ጃንዋሪ ቢሉት ገላው አንድ ሆኖ የሚለያየው ልብሱ ነው። ገላውን በአንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ያዝ፤ ልብሱን እንደ አገሩ አልብስ። መለወጡ ደግሞ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ደግሞም የውጭዎቹ ላይብረሪዎች በሚሊዮን ሰው እጅ ተፈትነዋል፤ ሁለት ሦስት ልጆች በየምሽቱ የሚጽፉት ኮድ ያን ያህል ሊፈተን አይችልም። መረጃችንም ከዓለም ጋር ይገናኛል፤ ለጋሹ፣ አየር መንገዱ፣ የምርምር መጽሔቱ ሁሉም በጎርጎርዮስ ነው የሚቆጥረው። ተጠቃሚውስ ቢሆን ለምዶት የለም? ስልኩ እኮ የሚነግረው የፈረንጁን ቀን ነው። የመጨረሻዋን ጮክ ብለው አይሏትም እንጂ በልባቸው አለች፦ ይህ አቆጣጠር አንድ ቀን ይቀራል፤ ለሚቀር ነገር ምን አደከመን?

በመጀመሪያው እስማማለሁ፤ እስከ ግማሹ። የሆነ ነገር ቅጽበት አለው። ገና ያልሆነ ነገርስ? «በየወሩ በ30 የእድር መዋጮ ይሰብሰብ» የሚለው ውሳኔ ገላው የቱ ነው? ይህ ውል ነው። ወር ማለት ምን እንደሆነ የሚወስን አቆጣጠር በውስጡ አለ፤ አቆጣጠሩን ስታወልቀው ውሉም አብሮ ይወልቃል። የደረሰኝ ቀን ያለፈን ነገር ይመዘግባል፤ ተደጋጋሚ ሥራ የሚመጣን ነገር ያዝዛል። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ነው የክርክራቸው ጉድለት።

በቁጥር እንየው። አንድ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «በየወሩ በዚህ ቀን የወጪ ማጠቃለያ አስታውሰኝ» ብሎ ሞላ እንበል። ሲስተሙ ቀኑን ወደ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ይለውጠዋል፤ ልክ ነው። ከዚያ «በየወሩ በ10» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት 30 የሚውለው ኖቬምበር 9 ነው። ታኅሣሥ 30 ጃንዋሪ 8፣ ጥር 30 ፌብሩዋሪ 7 ይሆናል፤ የካቲት 30 ወደ ማርች 9 ይመለሳል፤ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ላይ ያርፋል። ሲስተሙ ግን በታማኝነት 10ኛዋን ቀን ይጠብቃል። ጁላይ 10 ሐምሌ 3 ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ደግሞ ሰኔ 30። የበጀት መዝጊያ ማስታወሻው በጀቱ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ከች ይላል ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ «ሐምሌ 3» ተብሎ በጥሩ አማርኛ ይነበባል። ለውጡ ላይ አንድም ስህተት አታገኝም! ሙያተኛው ኮዱን ቢፈትሸው፣ ፈተናው ሁሉ ያልፋል።

«እኔ እንዲህ ያለ ጅል ኮድ አልጽፍም፤ አሥራ ሁለቱንም ቀን አስቀድሜ አስልቼ እደረድራለሁ» የሚለኝ ይኖራል። ይደርድር። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። የ2020 መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሻገራል፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 2028 መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ያኔ ድርድሩን ማን ሊያስተካክለው ነው? ሲስተሙን የሠራው ልጅ ያን ጊዜ ሌላ አገር ነው፤ የተከለው ድርጅት ስሙን ቀይሯል። እንዲህ ያለ ሲስተም የገዛ መሥሪያ ቤት የገዛው የአንድ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ነው፤ ዋጋው ብቻ ይለያል።

መለወጡ ቀላል ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የሚያሳስታቸውም ይኸው ቅለት ነው። ሠላሳ ሠላሳ ቀን ካላቸው አሥራ ሁለት ወሮችና ከአንዲት ትርፍ ወር የቀለለ ምን ስሌት አለ? ጎበዝ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ጽፎ ይጨርሰዋል፤ ስለጨረሰውም የአቆጣጠሩን ጉዳይ የዘጋ ይመስለዋል። የአገር ልጆች ለሕዝብ ከለቀቋቸው ኮዶች ያገላበጥኳቸው አብዛኞቹ ቀን መለወጫ ናቸው፤ እጅግ በጥሩ ሁኔታ የተሠሩም አሉበት። መለወጫ ግን አንዲትን ቀን ነው የሚያውቀው። «በየወሩ» ማለት ምን እንደሆነ አልተነገረውም።

እኛስ ራሳችን «በየወሩ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ደመወዝ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ ለጳጉሜን የሚከፈል የለም፤ ሠራተኛው በየዓመቱ እየቀለደባት ያሳልፋታል። የቤት ኪራይም እንደ ልማዱ አሥራ ሁለት ነው። የሆስፒታል ተረኛ ግን ጳጉሜን 3 ሌሊት ማደር አለበት፤ «ወር ስላልሆነች ተረኛ የለም» ሊባል አይችልም። የማቀዝቀዣ ሙቀት በየቀኑ የሚመዘግብ ሰው በእነዚያ አምስት ቀናት ቢያርፍ ክትባቱ ይበላሻል። አንዳንዱ ሥራ ጳጉሜንን ይዘላታል፤ አንዳንዱ ከነሐሴ ጋር ይደምራታል፤ አንዳንዱ እንደ ማንኛዋም ቀን ይቆጥራታል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ እንደ ሥራው ጠባይ ነው። ይህን ምርጫ የሚጠይቅ ላይብረሪ ከሌለ ምርጫውን ሳያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራመሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚመርጠው ባዶ ቦታን ነው።

የጤናውን ዘርፍ እንውሰድ፤ ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ ሥራ አስተዳደር የሚያወራ ሰው እሱን ሊዘል አይችልም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ዓላማው ለገጠር ጤና ጣቢያ ባለሙያ ማፍራት ነበር፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዳባት ላይ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለው። በየጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር አለ፤ ከጎኑም ቲክለር የሚሉት፣ በወር በወር የተከፋፈለ ሣጥን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የነፍሰ ጡሯን ካርድ ቀጣይ ቀጠሮዋ በሚውልበት ወር ክፍል ውስጥ ትከተዋለች። ወሩ ሲገባ ታወጣዋለች፤ እናቲቱ ካልመጣች ካርዱ እዚያው ይቀርና ባለሙያዋ ቤቷ ድረስ ሄዳ ትፈልጋታለች። ወረፋ ማስያዝ፣ በጊዜው ማስታወስ፣ ያልተሳካውን እንደገና መሞከር፣ ሦስቱም አሉበት። ሴለሪ ከዚህ ሣጥን የሚበልጠው በፍጥነቱ ነው እንጂ በሐሳቡ አይደለም። በአንድ ነገር ደግሞ ሣጥኑ ይበልጠዋል፤ መስከረም ለሣጥኑ መስከረም ነው፤ የሌላ ወር ልብስ አይደለም።

ይህን ሣጥን ወደ ታብሌት ስናዛውር ምን እናጣለን? ሁሉንም አይደለም። የአምስቱ በሽታዎች ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ሳምንት በሁሉም አቆጣጠር ሰባት ቀን ነውና እዚህ ላይ የተቃራኒው ወገን ምክር ምንም አይጎዳም። የጎንደር ቅዳሜ ገበያም በየትኛውም ካላንደር ቅዳሜ ነው። ኩፍኝ ላይ ስንደርስ ግን «ዘጠኝ ወር» ይላል መመሪያው። መስከረም 15 ቀን 2018 የተወለደች ሕፃን በእናቷ ቁጥር ዘጠኝ ወር የሚሞላት ሰኔ 15 ነው። በጎርጎርዮስ ወር የሚቆጥር ላይብረሪ ሴፕቴምበር 25ን ይዞ ጁን 25 ላይ ያደርሳታል፤ ያ ሰኔ 18 ነው። ሦስት ቀን ሕፃኗን አይጎዳትም፤ ማጋነን አልፈልግም። ግን ሰኔ 16 ቀን ክትባት ሊሰጥ ቡድን ቀበሌው ድረስ ቢወጣ፣ እናቲቱ «ደርሷል» ብላ ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች፣ ታብሌቱ «ገና ነው» ይላል። ማን ይታመን? ባለሙያዋ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከገጠማት በኋላ ታብሌቱን ትዘጋና ወደ ሣጥኗ ትመለሳለች። ያኔ እኛ ስብሰባ ጠርተን «የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ዝቅተኛ ነው» እንላለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ሪፖርቱም እንዲሁ ነው። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 ጀምሮ የሚቀጥለው ወር 20 ላይ ይዘጋል። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው የሪፖርት ወር ጳጉሜንን በሆዱ ስለሚይዝ 35 ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ 36። የዚያን ወር የታካሚ ብዛት ከሌላው ወር ጋር እንዲያው የሚያነጻጽር ሲስተም በየዓመቱ በዚያው ሰሞን የሌለ ወረርሽኝ ያያል። ይህን የሚያውቀው ደንቡን በራሱ አቆጣጠር የያዘ ሶፍትዌር ብቻ ነው።

ከውጭ የመጡት ሰዎች ይህን ከእኛ ቀድመው መረዳታቸው ይገርመኛል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመረጃ ፋይሎች፣ የ2000ውም የ2005ቱም የ2011ዱም የ2016ቱም እ.ኤ.አ.፣ ወርና ዓመታቸው በእኛው አቆጣጠር እንደተመዘገበ ነው የተቀመጡት። ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ተመራማሪ በመጨረሻ ላይ 92 ወር ይደምራል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። መረጃው በተሰጠበት አቆጣጠር ይቀመጣል፤ ለውጡ በበሩ መውጫ ላይ ይደረጋል። እናቲቱ «ሚያዝያ ነው የወለድኩት» ካለች ሚያዝያ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ጠያቂው በአእምሮው ለውጦ ኤፕሪል ወይም ሜይ ብሎ አይገምትላትም።

ሰዓቱስ? ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ነርሷ «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት መድኃኒት ይሰጠው» ስትል ከሐሙስ ቀን ቀጥሎ ያለውን ሌሊት ማለቷ ነው። ማሽኑ ስድስቱን ሰዓት በትክክል አስተካክሎ ሐሙስ ከሌሊቱ 2:00 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ያ ያለፈው ሌሊት ነው። አንድ ሙሉ ቀን ተሳሳተ። በስድስት ሰዓት ተነሥቶ በሃያ አራት ሰዓት መሳሳት እንዴት ቀላል እንደሆነ ተመልከት። የእኛ የቀን መነሻ ንጋት ነው፤ የማሽኑ እኩለ ሌሊት። ይህን ልዩነት በስክሪን ላይ በሚደረግ ለውጥ ማዳን አይቻልም፤ ስህተቱ የተፈጸመው መረጃው ሲገባ ነውና።

«የተፈተነ ደረጃውን የጠበቀ ነገር ትተን ብቻችንን እንቅር ወይ?» ለሚሉኝ ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ ደረጃውን አንብባችሁታል? ካላንደሮች በኢንተርኔት ተደጋጋሚ ሥራን የሚለዋወጡበት የጋራ ደንብ እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ተጨማሪ ሰነድ ወጥቶለታል፤ ቁጥሩ 7529 ነው። የሰነዱ ሙሉ ጉዳይ በጎርጎርዮስ የማይቆጥሩ ሕዝቦች የሚደጋገም ቀጠሮ ነው። አንድ ደንብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚቆጠር የሚገልጽ ቦታ አለው፤ ቀኑ በዚያ ዓመት ባይኖር ይዘለል፣ ወደ ኋላ ይመለስ ወይስ ወደ ፊት ይገፋ የሚል ምርጫም አለው። በውስጡ ካሉት ምሳሌዎች አንዱ የእኛው ነው፦ በየዓመቱ በ13ኛው ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ከሴፕቴምበር 6 ቀን 2013 ጀምሮ። ጳጉሜን 1 ቀን 2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህም ቀደም ብሎ አይሲዩ የተባለው፣ ብዙ የስልክና የኮምፒውተር አምራቾች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር እስከነ ስሌቱ ይዞታል፤ ወር መደመር፣ ዓመት መደመር ያውቃል። ጃቫ ለሚጽፉትም ስሪተን ኤክስትራ በተባለው ጥቅል ውስጥ አለላቸው። ታዲያ ብቻውን የቀረው ማን ነው? ዓለም ለጳጉሜን ቦታ ሰጥቶ እየጠበቀ፣ ቦታውን ባዶ የተውነው እኛ ነን።

እዚያው ዓለም ላይ «ሁሉን በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት አስቀምጥ» የሚለውም ምክር ለወደፊት ቀጠሮ ከተተወ ቆይቷል። ግብፅ ቀድሞ የተወችውን የበጋ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2023 መልሳ ስታውጅ፣ ለካይሮ ሰኔ ላይ የተያዙ ስብሰባዎችን በዓለም አቀፍ ሰዓት አስልቶ ያስቀመጠ ሲስተም ሁሉ በአንድ ሰዓት ተዛነፈበት። «በካይሮ ሰዓት ከጠዋቱ 10» ብሎ ደንቡን የያዘው ግን ምንም አልሆነም። ሥራውን የሚያውቁት የዚያ አገር ሰዎች ከዚህ የተማሩት ተስፋውን እንደተነገረ መያዝን ነው። የእኛዎቹ የቀዱት የተተወውን ምዕራፍ ነው።

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ሰነድ 7529ን ማንበብ አያስፈልገውም። የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሉበት ከተማ ባሕረ ሐሳብ የሚባል ነገር አለ። መርጌታው የፋሲካን ቀን በዝርዝር አይዝም። ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ወንበሩን ያወጣል፤ ከወንበሩ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ከመጥቅዑ መባጃ ሐመር፣ ከዚያ ነነዌ፣ ከነነዌ ዓቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ፋሲካ እየተሳበ ይመጣል። ደንቡን ይዟል፤ ቀኑን በተጠየቀ ጊዜ ያወጣዋል። የልደት በዓልን ተመልከቱ። በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28። ይህን እንደ ተራ ተደጋጋሚ ቀን የያዘ ሶፍትዌር በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይስታል። ፍትሐዊ ልሁንና «ጃንዋሪ 7» ብሎ የያዘው እዚህ ላይ በአጋጣሚ ይድናል፤ እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ድረስ። ጥምቀት ላይ ግን ያው ሰው ይወድቃል። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 20 ነበር። ስልኩ ላይ «ጃንዋሪ 19» ብሎ ሞልቶ ወደ ፋሲል መዋኛ የመጣ እንግዳ ያገኘው ከተራን ነው። (እሱስ አልከፋውም፤ አንድ ቀን ተጨማሪ አየ። የሆቴሉን ግን ማን ይከፍላል?)

ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚመስለው ካለ እዚሁ ጎንደር ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር ይውረድ። እዚያ ረመዳን በጨረቃ ይገባል። ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ስግድን የሚያከብሩት ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ነው፤ ያም በሦስተኛ አቆጣጠር። በአንዲት ከተማ ውስጥ ይህ ሁሉ ደንብ ጎን ለጎን ኖሯል። አንድ ደንብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚቆጠር የሚጠይቅ ላይብረሪ ሦስቱንም ያስተናግዳል። ሁሉን ወደ ጎርጎርዮስ ጨፍልቆ ስክሪን ላይ የሚቀባባው አንዱንም አያስተናግድም። ስለዚህ የማወራው ስለ አገር ኩራት አይደለም፤ ስለ ትክክለኛ ስሌት ነው።

«ተጠቃሚው ለምዶታል» የሚለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚያናድደኝ ነው። ለመደው እንጂ መች ወደደው? በየጤና ጣቢያውና በየወረዳው ጠረጴዛ መስታወት ሥር ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ ካላንደር ተቀምጦ ታያለህ። ባለሙያዋ ሲስተሙ ያወጣላትን ቀን ከእሱ ጋር እያመሳከረች፣ በእስክርቢቶ እያስተካከለች ትውላለች። ኮምፒውተሩ መሥራት የነበረበትን ስሌት ሰው ይሠራል፤ ሲስተሙ ግን «ሥራ አቀለለ» ተብሎ ይመረቃል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ ለፕሮግራመሩ የአንድ ሳምንት ሥራ የሆነውን ነገር በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች የዕድሜ ልክ ሥራ አድርጎ ማከፋፈል።

አቆጣጠሩ አንድ ቀን ይቀራል ለሚሉት የምለው አጭር ነው። በጀቱ፣ የትምህርት ዘመኑ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ዛሬ በዚህ አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌር የሚሠራው ላለው አገር ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ከእኔ ጋር የቆሙ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉ፤ «እንግዲያውስ ከዜሮ ተነሥተን የራሳችንን አገር በቀል ሥራ አስተዳዳሪ እንሥራ» ይላሉ። እባካችሁ። ወረፋውን፣ ዳግም ሙከራውን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያመለጠው ሥራ ምን ይሁን የሚለውን ጣጣ ሁሉ ሌሎች ለዓመታት ደክመውበታል። ያ ይቀጥል። የሚለወጠው አንዲት ክፍል ናት፦ «ቀጣዩ ጊዜ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው። ደንቡ ከነአቆጣጠሩ ይቀመጥ፤ ጳጉሜን ላይ ምን እንደሚደረግ ይጻፍበት፤ ቀኑ የሚጀምረው ከንጋት ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት የሚለው ይለይ። ቀጣዩ ቀን በዚያው አቆጣጠር ይሰላ። ከተሰላ በኋላ ብቻ ያቺ አንዲት ቅጽበት ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ተለውጣ ለማሽኑ ትሰጥ። ሥራው ሲፈጸም እንደገና ወደ ደንቡ ይመለስ። ለውጡ ይኖራል፤ ቦታው ግን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ይዛወራል። የክርክሩ ሁሉ ልዩነት ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ ከዚህ የሚያንስ ማስተካከያ ላይ አልስማማም።

መሥሪያ ቤቶች የሶፍትዌር ጨረታ ሲያወጡ ስለ ሎጎ ቀለምና ስለ ስክሪን ውበት ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። አራት መስመር ይጨምሩ። ተጫራቹ ሲስተሙን ከፍቶ ከመስከረም 30 ቀን 2018 ጀምሮ በየወሩ በ30 የሚደጋገም ሥራ ይሙላና እስከ 2020 መጨረሻ ያሉትን ቀኖች ያሳይ። ለጳጉሜን 6 ቀን 2019 ቀጠሮ ይያዝ፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገም ብሎ ያዝዘውና ጳጉሜን አምስት በሆነችበት ዓመት ምን እንደሚያደርግ ይናገር። የሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ተረኛን ይመድብ። የ2020 ልደትን ታኅሣሥ 28 ላይ ያውል። ይህን ያላለፈ፣ ዋጋው ስንት ቢሆን፣ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለት።